ሁሉም ሰው ይድናል ብሎ ማመን ከክርስትና ጋር ይሄዳል?

አዲስ አበባ ውስጥ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም። አራት ኪሎም ይሁን ፒያሳ፣ የእድሩ ድንኳን ሥር ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱና ሙስሊሙ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። «ነፍስ ይማር» ይባላል። ንፍሮ ይዞራል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ንስሐ ገብቶ ነበር?» ይላል። ሌላው «ቆርቦ ነበር?» ብሎ ይጨምራል። አንዷ ደግሞ «ጌታን ተቀብሎ ነበር እንዴ?» ትላለች። ሟቹ ሰፈር ሙሉ የሚወደው፣ ግን የሌላ እምነት ሰው ከሆነ ጥያቄው ይብሳል። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ለዘላለም ሊቃጠል ነው?

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ልጇን ቀብራ የተመለሰች እናት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳት ይሄው ነው። ስለዚህ በደንብ እንየው። በመጨረሻ፣ ከፍርድ በኋላም ቢሆን፣ የሰው ልጅ ሁሉ ይድናል ብሎ የሚያምን ሰው ክርስቲያን መሆን ይችላል?

የእኔን ሐሳብ ከወዲሁ ላስቀምጥ። «ሁሉም በእርግጥ ይድናል» ብሎ ማስተማርን ከተማችን ውስጥ ያሉት ዋና ዋና አብያተ ክርስቲያናት አይቀበሉትም። ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። «ሁሉም ይድን ዘንድ እመኛለሁ፣ እጸልያለሁ፣ ተስፋም አደርጋለሁ» ማለት ግን የክርስትና ልብ ነው። ብዙ ጠብ የሚነሳው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እናጥራው። ይህን ሐሳብ በቁም ነገር የያዙ ክርስቲያኖች «ገሃነም የለም» አይሉም። «ኃጢአት ምንም አይደለም» አይሉም። «ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው»ም አይሉም። የሚሉት እንዲህ ነው። ፍርድ አለ፤ እሳትም አለ። እሳቱ ግን ሥራው ማንጻት ነው፤ ሥራውንም ሲጨርስ ያበቃል። የሚድን ሁሉ የሚድነው በክርስቶስ ነው። አንዳንዱ ዛሬ፣ አንዳንዱ ከብዙ መከራ በኋላ። ይሄ «ክርስቶስን ሳያውቁ የሞቱ ሰዎች ሊድኑ ይችላሉ ወይ?» ከሚለው ጥያቄም ይለያል። ለዚህኛው «አዎ፣ ሊድኑ ይችላሉ» የሚል ሰው ሁሉ «ሁሉም ይድናል» ይላል ማለት አይደለም።

መጽሐፍ ቅዱስን የገለጠ ሰው ሁለት ዓይነት ቃል ያገኛል። በአንድ በኩል ጳውሎስ አለ። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥4 ላይ እግዚአብሔር «ሰዎች ሁሉ ሊድኑና እውነቱን ወደማወቅ ሊደርሱ ይወዳል» ይላል። ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 15 ላይ ደግሞ «ሁሉ በአዳም እንደሚሞቱ እንዲሁ ሁሉ በክርስቶስ ደግሞ ሕያዋን ይሆናሉና» ይላል። ወረድ ብሎ የነገሩን ሁሉ መጨረሻ ሲገልጽ እግዚአብሔር «ሁሉ በሁሉ» ይሆናል ይለናል። ሮሜ 11፥32 ላይም እግዚአብሔር ሁሉን በአለመታዘዝ የዘጋው ሁሉን ይምር ዘንድ ነው ብሎ ጽፏል።

በሌላ በኩል ራሱ ጌታ ኢየሱስ አለ። በወንጌል ውስጥ ስለ ገሃነም ከማንም በላይ የተናገረው እሱ ነው። በጎቹና ፍየሎቹ ተለይተው፣ «እነዚያም ወደ ዘላለም ቅጣት፥ ጻድቃን ግን ወደ ዘላለም ሕይወት ይሄዳሉ» ብሏል፤ ማቴዎስ 25፥46። በባለጠጋውና በአልዓዛር ታሪክ ውስጥም በሁለቱ መካከል ማንም የማይሻገረው ታላቅ ገደል አለ። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ ማቴዎስ 25ን ይዞ ጠንካራ ክርክር አቅርቧል። ቅጣቱም ሕይወቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በአንድ ቃል «የዘላለም» ተብለዋል። ቅጣቱ ያልቃል ካልን ሕይወቱም ያልቃል ልንል ነው? ለዚህ ክርክር በቂ መልስ ሰጠሁ የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ቀስ ብላችሁ ስሙት።

የሁሉን መዳን የሚያምኑት አንዳንዶቹ ነነዌን ይጠራሉ። በየዓመቱ ሦስት ቀን የምንጾምላት ከተማ ማለት ነው። ዮናስ የሰበከው ነነዌ ትገለበጣለች ብሎ ነው። «ካልተመለሳችሁ» የሚል ቃል አልጨመረበትም። ከተማዋ ግን ተመለሰች፣ አልጠፋችም። እንግዲህ የገሃነም ማስጠንቀቂያም እንዲሁ ሊሆን ይችላል ይላሉ፤ እንዳይሆን ተብሎ የተነገረ። ይህ ማስጠንቀቂያው ለምን እንደ ከረረ ጥሩ አድርጎ ያስረዳል። ነገር ግን የነነዌ ሰዎች የተመለሱት ቀኑ ሳያልፍ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላስ? ነነዌ ለዚህ አትመልስም።

ወደ ጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ነገሩ ይበልጥ ይሰፋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሁሉን መታደስ በሰፊው ያስተማረው የእስክንድርያው ኦሪገን ነው። በ3ኛው መቶ ዘመን የኖረ፣ በእውቀቱ ወደር ያልነበረው ሰው። ኦሪገን ከዚህ ጋር ሌሎች እንግዳ ትምህርቶችም ነበሩት። ነፍሳት ከሥጋ በፊት ነበሩ የሚለው አንዱ ነው። በ400 አካባቢ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቴዎፍሎስ አወገዘው። በ543 ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ሥቃይ ያልቃል የሚለውን ትምህርት ጨምሮ የሚያወግዝ አዋጅ አወጣ። በ553 ቁስጥንጥንያ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤም ኦሪገንን ከመናፍቃን ተርታ ቆጠረው።

እዚህ ላይ ፒያሳ ትጠቅመናለች። በእግር በምትዘለቅ ሰፈር ውስጥ የእኛው ጊዮርጊስ አለ፤ የአርመኖች ጊዮርጊስም አለ፤ የግሪኮች ፍሬምናጦስም አለ። ግሪኮቹ ሰባት ዓለም አቀፍ ጉባኤያትን ይቀበላሉ። የ553ቱ ጉባኤ ለእነሱ አምስተኛው ነው። የኢትዮጵያና የአርመን አብያተ ክርስቲያናት የሚቀበሉት ግን ሦስቱን ነው፤ ኒቅያ 325፣ ቁስጥንጥንያ 381፣ ኤፌሶን 431። ስለዚህ «ጉዳዩ በ553 ተዘግቷል» የሚለው መልስ ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ብዙ አያስኬድም። ሦስቱ ጉባኤያት ስለ ገሃነም ርዝመት የወሰኑት ውሳኔ የለም። ጸሎተ ሃይማኖታችንም በሕያዋንና በሙታን ሊፈርድ ይመጣል ይላል፤ ለመንግሥቱም ፍጻሜ የለውም ይላል፤ የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን ይላል። ቅጣት ማለቂያ አለው ወይም የለውም የሚል ሐረግ የለበትም። ይህ ማለት ግን ቤተ ክርስቲያኗ ጉዳዩን ክፍት አድርጋ ትታዋለች ማለት አይደለም። ቴዎፍሎስ የእኛው መንበር የእስክንድርያ አባት ነበር። ገሃነመ እሳት የዘላለም ነው የሚለውም ትምህርት በየዐውደ ምሕረቱ ሲሰበክ የኖረ ነው።

ከኦሪገን ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ነው። የታላቁ ባስልዮስ ወንድም። ቃሉ ሃይማኖተ አበው በሚባለው የአባቶች ትምህርት ስብስብ ውስጥ ይነበባል፤ ቅዱስ እየተባለ ይጠራል። ይህ ሰው ክፋት በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ እንደሚጠፋ፣ ፍጥረት ሁሉ ወደ ፈጣሪው እንደሚመለስ በግልጽ ጽፏል። ሊሞት በተቃረበችው እህቱ በማቅሪና አልጋ አጠገብ ስለ ነፍስ የተነጋገሩትን ሲጽፍም ይህን ሐሳብ በእሷ አንደበት አኑሮታል። ማንም ጉባኤ ጎርጎርዮስን አላወገዘውም። ወንድሙ ባስልዮስ ግን የቅጣቱን ዘላለማዊነት ያስተምር ነበር። ሁለት ወንድማማቾች፣ ሁለቱም ቅዱሳን፣ በዚህ ነገር አልተስማሙም። ይህን የሚያውቅ ሰው ተስፋ የሚያደርገውን ክርስቲያን ቸኩሎ «መናፍቅ» ሊለው አይገባም ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ራሳችን መጻሕፍት እንግባ። ይህ ጥያቄ ከፈረንጅ የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። የግዕዝ ሥነ ጽሑፍ በዚህ ጉዳይ እጅግ ሀብታም ነው።

በ81ዱ መጻሕፍታችን ውስጥ ያለው ዕዝራ ሱቱኤል ከዳር እስከ ዳር በዚህ ጥያቄ የተያዘ ነው። ዕዝራ መልአኩን ይሞግተዋል። ብዙዎች ተፈጥረው ጥቂቶች ብቻ የሚድኑ ከሆነ መፈጠራቸው ምን ጠቀማቸው ይላል። መልሱ ከባድ ነው። በፍርድ ቀን ማንም ለማንም አይለምንም ይባላል። ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ዕዝራ ሌላም ነገር ይሰማል፤ አንተ ፍጥረቴን ከእኔ አብልጠህ ልትወድ አትችልም። ሁለቱም ቃል አንድ መጽሐፍ ውስጥ አለ። አንዱ ሌላውን አልሰረዘውም።

የጴጥሮስ ራእይ የሚባል፣ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቁጥር ያልገባ በጣም ጥንታዊ መጽሐፍም አለ። በግሪክ የቀረው ቁርጥራጭ ብቻ ነው። ሙሉ መልኩ የተገኘው በግዕዝ ነው፤ ከሁለቱ የታወቁ ቅጂዎች አንዱ የጣና ሐይቅ ነው። መጽሐፉ የኃጥአንን ሥቃይ ዝርዝር አድርጎ ያሳያል፣ ያስፈራል። አንድ የግሪክ ቁራጭ ላይ ግን ጌታ ለምርጦቹ ከሥቃይ እንዲወጣላቸው የሚለምኑትን ሰው እንደሚሰጣቸው ቃል ይገባል። በግዕዙም ጴጥሮስ ለኃጥአን ሲያለቅስ ጌታ የምሕረትን ምሥጢር ይነግረዋል። ቀጥሎም ይህን ምሥጢር እንዲሰውር ያዘዋል። ሰዎች ሰምተው ኃጢአትን እንዳያበዙ ነው ምክንያቱ።

ሁላችንም የምናውቀው ደግሞ በላዔ ሰብእ ነው። 78 ሰው የበላው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕሉን ሳታዩት አትቀሩም፤ ሚዛኑ በአንድ በኩል፣ እመቤታችን በሌላ በኩል። ስለ ማርያም ብሎ ለአንድ ለምጻም የሰጠው ጥርኝ ውሃ ከክፋቱ ሁሉ አመዘነ። ፕሮቴስታንት ወዳጆቻችን ይህን ታሪክ አይቀበሉትም። መዳን በክርስቶስ ብቻ ነው ይላሉ፤ ክርክሩ የታወቀ ስለሆነ አልገባበትም። እዚህ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ታሪኩ «ሁሉም ይድናል» አይልም። ነገር ግን ይህን ታሪክ ተቀብሎ የጎረቤቱን ኃጢአት ቆጥሮ «ይሄስ አለቀለት» የሚል ሰው ታሪኩን አልሰማውም።

ከሁሉም በላይ ግን ክርስቶስ ሠምራ አለች። በ15ኛው መቶ ዘመን የኖረች ኢትዮጵያዊት እናት። ገድሏ እንደሚነግረን ባለትዳር፣ የልጆች እናት ነበረች። አንድ ቀን በቁጣ ገረዷን በእሳት ጎድታ ገደለቻት። ጸልያ ከሞት አስነሣቻት፤ ከዚያ ቤቷን ትታ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደች፣ በኋላም ወደ ጣና። ምሕረት የሚያስፈልገው ሰው ምን እንደሚሰማው በራሷ ታውቀዋለች። ይህች ሴት ጌታን የለመነችው ማንም ያልደፈረውን ነው። ከዲያብሎስ ጋር ታረቅ አለችው። የአዳም ልጆች የሚጠፉት በእሱ ምክንያት ነውና እሱ ከታረቀ ሰው ሁሉ ያርፋል ብላ።

ጌታ አልተቆጣትም። ቅዱስ ሚካኤልን አስከትሎ ወደ ሲኦል ላካት። እሷም ዲያብሎስን ጠርታ ከፈጣሪህ ላስታርቅህ አለችው። እሱ ግን እጇን ይዞ ወደ ውስጥ ጎተታት። ሚካኤል በሰይፉ አስጣላት። ስትወጣ ግን ብቻዋን አልወጣችም። ነፍሳት እንደ ንብ ሰፍረውባት አሥር ሺህ ያህል ይዛ ወጣች።

ይህ ታሪክ የጉዳዩን ቋጠሮ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኛል። ሽማግሌ ተልኮ አንደኛው ወገን «እሺ» ቢል እንኳ ሌላው እምቢ ካለ ዕርቅ የለም። በገድሉ ውስጥ እግዚአብሔር እምቢ አላለም። እምቢ ያለው ዲያብሎስ ነው። ቤተ ክርስቲያን «ሁሉም በእርግጥ ይድናል» እንዳትል የሚከለክላት ዋናው ነገር ይሄው ነው፤ የፍጡር ነጻ ፈቃድ። ፍቅር አያስገድድም። በግድ የዳነ ሰው አልዳነም። አንድ ሰው ለዘላለም «አልፈልግም» ለማለት ከቻለ፣ ገሃነም ባዶ ይሆናል ብሎ ቃል መግባት የማንም ሥልጣን አይደለም።

የጎርጎርዮስ ወገኖች እዚህ ላይ ዝም አይሉም። ሰው እግዚአብሔርን እንዳለ ቢያየው፣ ዓይኑን የጋረደው ሁሉ ቢነሳለት፣ አሁንም እምቢ ይላል? እምቢ የሚለው የታመመ ሰው አይደለም ወይ? ሐኪሙስ በሽተኛውን ለበሽታው ትቶት ይሄዳል? እውነቱን ለመናገር ይሄ ጥያቄ ጠንካራ ነው። እኔ የምመልሰው የለኝም። ተስፋዬንም የሚያቆመው ይሄው ጥያቄ ነው። ግን ከተስፋ አልፎ እርግጠኝነት አይሰጠኝም። በገድሉ ውስጥ ያለው እጅ ጎታች አሁንም አለና።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሌላ ተቃውሞ ነው፤ የፍትሕ ጥያቄ። ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት አስቡት። በ1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለሦስት ቀን ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ክርስቶስ ሠምራ በመነነችበት በደብረ ሊባኖስ፣ መነኮሳቱ ተረሸኑ። ትእዛዙን የሰጠው ግራዚያኒ በኢትዮጵያ ለሠራው ወንጀል አንድም ቀን ፍርድ ቤት ሳይቆም በ1955 ሞተ። እዚያ ሐውልት ሥር ቆሞ «ግራዚያኒም ይድናል» የሚል ሰው አፉ ሊያዝ ይገባል። የተገደሉት ሰዎች ደም ይጮኻል። ይህን ጩኸት የማይሰማ ተስፋ ተስፋ አይባልም።

ኦሪገንም ጎርጎርዮስም ይህን ያውቁ ነበር። ጎርጎርዮስ ቅጣቱ በክፋቱ ልክ ነው ይላል፤ ክፋቱ ብዙ የሆነበት ሰው ማንጻቱ ረጅም፣ ሕመሙም የበረታ ነው። ከእነርሱ ይህን የምወስድ ይመስለኛል። ግራዚያኒ የሠራውን አንድ በአንድ ሳያይ፣ የገደላቸውን ሰዎች ፊት ለፊት ሳይገናኝ፣ ሥቃያቸው የራሱ ሥቃይ ሳይሆን ምንም ዓይነት መዳን ሊታሰብ አይችልም። እንዲያ ሆኖ ቢለወጥስ? ያኔ «አይገባህም» የሚለው ማነው? ይህን ጥያቄ ለእኔ ሳይሆን ለሰማዕታቱ ነው የምተወው። በደሉ የእነሱ ነው፤ ይቅርታውም የእነሱ ነው።

ዛሬ ከተማችን ውስጥ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት የት ቆመዋል? ባጭሩ ልናገር። ተዋሕዶ የገሃነምን ዘላለማዊነት ታስተምራለች፤ ለሙታንም ትጸልያለች። ፍትሐቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ የሞተ ሰው ጉዳይ እስከ ፍርድ ቀን ምሕረት እንደሚለመንበት ያሳያሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ገሃነም አለ፣ ዘላለማዊም ነው ትላለች፤ ነገር ግን ማንም እንዳይጠፋ ትጸልያለች፣ እገሌ ገሃነም ገብቷል ብላም በስም አላወጀችም። የስዊሱ ካቶሊክ ሊቅ ሃንስ ኡርስ ፎን ባልታሳር በ1988 እስኪሞት ድረስ ሁሉም እንዲድን ተስፋ ማድረግ ይገባናል ሲል ተከራክሯል፤ ሁሉም እንደሚድን አውቃለሁ አላለም። መካነ ኢየሱስ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የሉተራኖች የ1530 የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ በአንቀጽ 17 ላይ ቅጣቱ ያልቃል የሚሉትን በግልጽ ይቃወማል። ሌሎቹ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም በአብዛኛው ከዚህ አይርቁም። አድቬንቲስቶች ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አላቸው፤ ኃጥአን ለዘላለም አይሠቃዩም፣ ይጠፋሉ ይላሉ።

ሁልጊዜ የሚነሳ አንድ ጥያቄ ቀርቷል። ሁሉም ይድናል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ሰው ለምን ንስሐ ይገባል? ለምንስ ይጾማል? የጴጥሮስ ራእይ ምሥጢሩን ሰውር ያለው ይህን ፈርቶ ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። «እግዜር መሐሪ ነው» እያለ ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ሁላችንም እናውቃለን።

ግን ማር ይስሐቅን ተመልከቱ። በየገዳማቱ ከሚነበቡት ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የእሱ ነው። በ7ኛው መቶ ዘመን የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ ከአምስት ወር በኋላ መንበሩን ትቶ በረሃ ገባ። በገሃነም ያሉ ሰዎች የሚገረፉት በፍቅር ጅራፍ ነው ያለው እሱ ነው። በ1983 ኦክስፎርድ ውስጥ ሰባስቲያን ብሮክ የሚባል ምሁር ጠፍቶ የነበረውን የማር ይስሐቅን መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል በሱርስት ቋንቋ አገኘ። እዚያ ውስጥ ማር ይስሐቅ ከጎርጎርዮስ ባልተናነሰ ድፍረት ይጽፋል። እግዚአብሔር ፍጡርን ለዘላለም ለማሠቃየት ብሎ አልፈጠረም፣ ገሃነምም የምሕረት ዓላማ አለው ይላል። ይህን የጻፈው ሰው በንባብና በተጋድሎ ብዛት ዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ የተጋ ነው። እንባ ስለሌለው ጸሎት፣ ስለ ስንፍና፣ ስለ ንስሐ መዘግየት እንደ እሱ አጥብቆ የሚናገር የለም። ለሰው ሁሉ፣ ለአራዊትና ለአጋንንት ሳይቀር የሚራራ ልብ እንዲኖረን ያስተማረን እሱ ነው። መነኮሳቶቻችንም ዛሬ ድረስ ንስሐን ከእሱ ይማራሉ።